ሚርታ ኤልቪራን ሆና የደወለችበት ቀን

እህትማማቾቹ ኤልቪራና ሚርታ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አርባ አራት ቀን ሙሉ የተነጋገሩት በስልክ መልእክት ብቻ ነው። ቤታቸው እንደ ሌሎቹ የአርጀንቲናዋ የሮሳርዮ ከተማ አሮጌ ቤቶች ጠባብና ረጅም ነው፤ ክፍሎቹ በአንድ ወገን ተደርድረዋል፣ በሌላው ወገን የወይን ሐረግ የተንጠላጠለበት ቀጭን ግቢ አለ። ታላቂቱ ኤልቪራ ወደ መንገዱ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ይዛለች፣ ታናሺቱ ሚርታ የኋላዎቹን፤ ወጥ ቤቱና መታጠቢያው መሃል ላይ የጋራ ናቸው። ከአንዷ በር እስከ ሌላዋ በር አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ቢሆን ነው። ሆኖም «ጋዝ አልቋል» የሚለው ወሬ ከኋላ ክፍል ተነስቶ፣ ማንም አይቶት የማያውቀው የስልክ ማማ ድረስ ሄዶ፣ ከዚያ ተመልሶ ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ጢን ይል ነበር። «አዝዣለሁ» የሚለው መልስም በዚያው በሰማይ መንገድ ይመለሳል። ወጥ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ቢገጣጠሙ አንዷ ድስቱን፣ ሌላዋ መስኮቱን ታያለች። ለአንድ ሳምንት መስሏቸው የጀመሩት ነገር ነበር፤ ከዚያ ግን ማን ቀድሞ አፉን ይክፈት የሚለው ጥያቄ ከጠቡ በለጠ።

ጠቡ የመጣው በፋሲካ እሑድ ነው። አሥራ አንድ እንግዳ በተቀመጠበት ካርታ ሲጫወቱ ሚርታ ተሸነፈች፤ ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና «ኤልቪራ እኮ ታጭበረብራለች» አለች። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ኤልቪራ ግን ፖስታ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ስትሠራ አንድ ቴምብር እንኳ ወደ ቤቷ ይዛ ያልገባች ሴት ናት፤ ሱቅ ትርፍ የገንዘብ መልስ ከሰጧት ዝናብ ቢሆንም ተመልሳ ሄዳ የምትሰጥ። ከወንበሯ ተነሳች፣ ሳህኗን አጠበች፣ አደረቀች፣ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን በቀስታ ዘጋች። በኃይል ብትዘጋው ኖሮ ሚርታ ይቅርታ መጠየቅ ይቀላት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ከስልክ ድርጅቱ መልእክት መጣ። ውሉ አንድ ነው፣ መስመሩ ሁለት፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በኤልቪራ ስም የተፈረመ። «ውድ ደንበኛችን፣ እርስዎን ይበልጥ ለማገልገል» ብሎ ይጀምርና፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሠላሳ አንድ ሺህ የነበረው አርባ ሦስት ሺህ ፔሶ እንደሚሆን እግረ መንገዱን ያነሳል። ኤልቪራ ምንም ሳትጨምር መልእክቱን ወደ ኋላ ክፍል አስተላለፈችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጻፈች፦ «እንዲህ ከሆነ አንዱን መስመር መዝጋት ነው።» ሚርታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ደጋግማ አነበበችው። «አንዱን» ማለት የቱን? የኤልቪራን እንደማይሆን ግልጽ ነው፤ ባለ ውሏ እሷ ናት። የእኔን ከሆነ ደግሞ፣ ብላ አሰበች ሚርታ፣ ከእንግዲህ ጋዝ አለቀ የምላት በምንድነው? ከዚያም የመጣባትን ሐሳብ አልወደደችውም፤ ምናልባት ለኤልቪራ ጋዙም፣ ወሬውም፣ እሷም ምንም አይደሉም።

እኛ ሰፈር የስልክ ዋጋ መጨመር እንደ ዝናብ ነው፤ ይመጣል፣ ሰዉም እንደየጠባዩ ይቀበለዋል። ሥጋ ሻጩ ሩቤን ስልኩን እየተሳደበ ይከፍላል። ጥግ ላይ ያሉት ጡረተኛ አስተማሪ ለጋዜጣ ደብዳቤ ይጽፉና ይከፍላሉ። ወጣቶቹ በየሦስት ወሩ ድርጅት ይቀያይራሉ፣ እንደ ካልሲ። ብልሆቹ ግን ሚርታን ነው የሚጠሩት። ሚርታ ዕድሜዋን በሙሉ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታ ሦስት መቶ ልጅ ስፒናች ያስበላች ሴት ናት፤ የስልክ ድርጅት ማባበል አይከብዳትም። ዘዴዋን ለማንም አትደብቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ይደወላል፣ ያኔ ሠራተኞቹም ርቧቸዋል። «ቅናሽ» የሚል ቃል ከአፍ አይወጣም፤ «ውሌን ማቋረጥ እፈልጋለሁ» ነው የሚባለው፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን፣ ከሚወዱት ሰው እንደሚለያዩ። ያኔ ሊሄድ የተነሳ ደንበኛን እያባበለ ወደሚያስቀረው፣ ወደማስቀሪያው ክፍል ያሻግሩሃል። እዚያ ደግሞ ረጅም ትንፋሽ፣ ትንሽ ታሪክ፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታውን የማይችሉት እነሱ ናቸው፤ ሠላሳ በመቶ፣ አርባ በመቶ እያሉ ይሞሉታል። ለዚህ ሁሉ ደመወዟ ወይ ግማሽ ደርዘን ጣፋጭ ዳቦ፣ ወይ የጎድን ሥጋ ነው።

የሰፈሩን ሁሉ ዋጋ ስታስቀንስ የራሷን ቤት ግን አንድ ቀን ነክታው አታውቅም፤ ኤልቪራ አትፈቅድማ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጨመሩ ቁጥር ትከፍላለች። «የተፈረመ ውል የተፈረመ ነው» ትላለች። «አንቺ ፈረምሽ እንጂ እነሱ መች አከበሩት» ብትላት ሚርታ፣ ኤልቪራ እሱ የእነሱ ነውር እንጂ የእኔ አይደለም ብላ ትዘጋዋለች።

ሚርታ ቦርሳዋን ይዛ ሩቤን ጋ ወረደች። ቀጭን የተቆረጠ ሥጋ እያስለካች ነገሩን አወራችው፤ መደወል እንደምትችል፣ ግን ውሉ በስሟ ስላልሆነ ከባለ ውሏ በቀር ማንንም እንደማያነጋግሩ። ሩቤን ቢላዋውን እየጠረገ፣ ባለፈው ክረምት የእሱን ሚስት ሆና ደውላ ግማሽ ዋጋ እንዳስቀነሰችለት አስታወሳት። ሚስቱን ከሆነች የገዛ እህቷን መሆን ምን ያቅታታል?

«ያንተ ሚስት ቀላል ናት» አለችው ሚርታ። «ዝም ብሎ መሳቅ ነው። ኤልቪራን ለመሆን ግን መጀመሪያ ልክ መሆን ያስፈልጋል።»

ሩቤን ሥጋውን ጠቅልሎ ሰጣትና ሂሳቡን አልቀበልም አለ፤ ከተሳካላት ግን ወደ እህቱ ውል እንድትዞርለት ለመናት።

ኤልቪራ ማክሰኞ ማክሰኞ በሰባት ሰዓት ለጉልበቷ ሕክምና ትሄዳለች። ሚርታ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ የመንገዱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማች። ተነሳች፣ እጇን ታጠበች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ የሹራቧን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈችው። ኤልቪራን ለመሆን እንደ ኤልቪራ መቀመጥ ነበረባት፦ ጀርባ ቀጥ፣ ትከሻ ወደ ላይ፣ ሁለቱ እጆች ጠረጴዛ ላይ፣ አገጭ ከፍ። ድምፁን ሞከረችው። ኤልቪራ ስታወራ በየቃሉ መጨረሻ ማኅተም የምትመታ ነው የሚመስለው። «ደህና ዋሉ። ኤልቪራ ፔሩቺ ነኝ።» አለች ለማንቆርቆሪያው፤ ማንቆርቆሪያው አመነ። የመታወቂያዋን ቁጥር በቃሏ ነው የምታውቀው፤ ስንት ዓመት መድኃኒቷን ያወጣችላት እሷ አይደለች? ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ፣ ወረቀትና እርሳስ አጠገቧ አስቀምጣ ደወለች።

ሃያ ደቂቃ ያህል ሙዚቃ አሰሟት። ከዚያ አንዲት ልጅ ወደ ሌላ ልጅ፣ ያቺ ደግሞ ወደማስቀሪያው ክፍል አሻገረቻት። እዚያ አንድ ጨዋ ድምፅ ያለው ወጣት ተቀበላት፤ ናሁኤል እባላለሁ አለ፤ የመታወቂያ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ ጠየቀ፤ ሁሉንም ማኅተም እየመታች መለሰችለት።

«ወይዘሮ ኤልቪራ፣ ሊለዩን ነው ሲሉ ሰማሁ። ምን አስቀየምንዎት?»

ታሪኩ የሚነገረው እዚህ ጋ ነበር። ለሌላው ሰው ስትደውል ሚርታ ታሪክ አይጠፋትም፤ ወይ ባሏ ሥራ አጥቷል፣ ወይ ወደ ስፔን ልትሄድ ነው። አሁን ግን አፏን ስትከፍት አንድ ያላሰበችው ችግር ገጠማት፤ በኤልቪራ ድምፅ ውሸት አልወጣ አላት። ስፔንን ሞከረችው፣ ከመጀመሪያው ቃል አላለፈችም። እንዲህ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እስከ አንገቷ ተቆልፋ፣ ያላት ነገር እውነቱ ብቻ ሆነ።

«ለሁለት መስመር ነው የምከፍለው» አለች። «አንዱ የእህቴ ነው። እህቴ ደግሞ አታናግረኝም።»

ናሁኤል መፍትሔው ቀላል መሆኑን በደስታ ነገራት፤ የእህትዎን መስመር እንቁረጠው፣ የእርስዎን ደግሞ ለአንድ ዓመት በግማሽ ዋጋ አደርግልዎታለሁ፣ አሁኑኑ፣ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ሚርታ እርሳሷን አስቀመጠች። በሙያዋ ዘመን እንዲህ ያለ ቅናሽ ማንም ቀድሞ አቅርቦላት አያውቅም። የሚቆረጠው መስመር ግን የራሷ የሚርታ ነበር።

አይሆንም፣ እህቴን አትቁረጣት አለችው። ልጁ ግራ ገባው። ለማታናግራቸው እህት ለምን እንደሚከፍሉ በትሕትና ጠየቀ፤ እኔም ወንድም አለኝ፣ እረዳዎታለሁ፣ ግን ለኮምፒውተሩ ምክንያት መጻፍ አለብኝ አለ። ሚርታ ዝም አለች። ዝምታ የእሷ መሣሪያ ነበር፤ አሁን ግን የምትሸሸግበት ሆነባት፣ ያውም ብዙ አልሸሸጋትም።

«የምታናግረኝ ስላፈረች ነው፤ ማለቴ፣ የማታናግረኝ» አለች በመጨረሻ፣ አሁንም በኤልቪራ ድምፅ። «በፋሲካ ካርታ ስንጫወት በአሥራ አንድ ሰው ፊት አጭበርባሪ አለችኝ። አላጭበረበርኩም። እሷ ናት የተሳሳተችው፤ አንድ ካርታ ቀሚሷ ሥር ወድቆ ነበር። እንግዶቹ ሲሄዱ አገኘችው። ያኔውኑ መጥታ ልትነግረኝ ይገባት ነበር። ካርታውን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። አሁን አርባ አራት ቀን ሆነው።»

ናሁኤል ይህንን የት እንደሚጽፈው አላወቀም። ከሚርታ ኋላ ግን የሳል ድምፅ ተሰማ።

ኤልቪራ ካፖርቷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ ነበር። የጉልበት ሐኪሙ ሳይመጣ ቀርቶ መልሰዋት ኖሯል። ምን ያህሉን እንደሰማች ሚርታ ከፊቷ ለማንበብ ሞከረች፤ ሁሉንም ሰምታለች፣ ያውም በገዛ ድምጿ። ኤልቪራ ቀስ ብላ መጥታ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ኤልቪራ ፔሩቺ እባላለሁ» አለች። አርባ አራት ቀን ሙሉ ከሐኪምና ከዳቦ ሻጭ በቀር ያላናገረ ድምፅ ነው፤ ዝጎ ነበር፣ ደግሞም ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ናሁኤል ጠንከር ባለ ቃና፣ ማን ልበል አላት። ደገመችለት። ልጁ እንደዚህ ያለ ማታለል በዚህ ሳምንት ሦስተኛው እንደሆነ፣ ጥሪው እየተቀዳ እንደሆነ፣ የባለ ውሏን ድምፅ ደግሞ አሁን ገና ለሩብ ሰዓት ሲሰማው እንደቆየና በደንብ እንደሚያውቀው ነገራት።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስልኩን ለወይዘሮ ኤልቪራ ይመልሱልኝ» አለ።

ኤልቪራ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ነኝ ብላ አታውቅም፤ አሁን እሷነቷን ስትናገር ሐሰተኛ ተባለች፣ ሐሰተኛይቱ ደግሞ አጠገቧ ቁልፏን እስከ አንገቷ ቆልፋ ተቀምጣለች። ሚርታ ሳቋን ለመዋጥ ምላሷን ነከሰች። ኤልቪራ ካፖርቷን አወለቀች፣ ወንበር ሳበች፣ ስልኩን በሁለቱ መካከል አስቀመጠችና ወደ ሚርታ ጆሮ ጠጋ አለች። ከፋሲካ ወዲህ በአፏ የተናገረቻት የመጀመሪያ ቃል በሹክሹክታ ነበር፦ በይው።

ሚርታም አለችው። ኤልቪራ በሹክሹክታ ትነግራታለች፣ ሚርታ በኤልቪራ ድምፅ ታስተላልፋለች። ያቺ ሴት እህቴ ናት፣ ይቅርታ አድርግላት፣ አለችው። መስመሯ አይቆረጥም፣ አለችው። ናሁኤል እንደገና ምክንያቱን ጠየቀ። ኤልቪራ ጠጋ ብላ ለረጅም ጊዜ አንሾካሾከች፤ ሚርታ ግማሹ ላይ ዓይኗን ጨፈነች።

«እህቴ ውሸታም ናት» አለች ሚርታ፣ ማኅተም እየመታች። «ደግሞም ደፋር። ዕቃዬን ሳትጠይቅ ትወስዳለች። ካርታ መቁጠር አትችልም፣ ሕፃንም ሆና አትችልም ነበር። ግን ጋዝ ሲያልቅ የምትነግረኝ እሷ ብቻ ናት። ጠዋት መልእክቷ ከዘገየ ተነስቼ በሯ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ስታንኮራፋ ስሰማ ተመልሼ እተኛለሁ።»

ይህንን የመጨረሻውን ስትናገር የኤልቪራ ድምፅ ከሚርታ አመለጣት፤ በራሷ ድምፅ ጨረሰችው። ናሁኤል ግን ልብ አላለም፤ ወይም ልብ ብሎ ተወው። ቁልፍ ሲነካካ ተሰማ። ለሁለቱም መስመር አርባ በመቶ፣ ለስድስት ወር፤ ከዚህ በላይ አለቃዬ አይፈቅድም አለ። ሚርታ በልማዷ ለዝምታ አፏን ስትዘጋ ኤልቪራ በክርኗ ጎሰመቻት፤ ልጁን አታስጨንቂው። ሚርታም ተቀበለች። ናሁኤል ሊሰናበት ሲል፣ እህትዎን ሰላም ይበሉልኝ አለ። ከዚያ ስለ አገልግሎቱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንዲሰጡ የሚጠይቅ የማሽን ድምፅ መጣ፤ ሁለቱ ያን ጊዜ ነው በግልጽ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ወጥ ቤቱን እስኪያንቀጠቅጡ የተጣሉት። ኤልቪራ ሦስት ትላለች፤ ማንነቴን አላመነም፣ ከሦስት አያልፍም፣ እውነቱ እውነት ነው። ሚርታ አምስት ትላለች፤ ልጁ እንጀራው ነው፣ ያንቺ እውነት ከሥራ ያባርረዋል። ማሽኑ መልስ ሳያገኝ ተዘጋ። እነሱ ግን ቀጠሉ፤ ከነጥቡ ወደ ካርታው፣ ከካርታው ሳይጠየቅ ወደተወሰደ ሻሽ፣ ከሻሹ በ1987 ወደተሰበረ ሰዓት። ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤት ምን ሆኑ ብላ ሮጣ መጣች፤ ሁለቱ እየተቀባበሉ ሲጮኹ ስታይ ተመስገን ብላ ተመለሰች። ወሬው ወደ እኛም የደረሰው በእሷ ነው።

ምሳቸውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሉ፤ የሩቤንን ሥጋ ኤልቪራ በዳቦ ፍርፋሪ ለውሳ ጠበሰችው። እየበሉ ሚርታ ስለ ካርታው ልታነሳ ጀመረች። ኤልቪራ ሰምቻለሁ አለቻትና ሎሚውን ገፋችላት። ቆየት ብላ ደግሞ ትከሻዬን እንደዚያ አልይዝም አለች፤ ሚርታ ትይዣለሽ አለቻት፤ ኤልቪራ ሳይታወቃት ትከሻዋን ዝቅ አደረገች።

ከምግብ በኋላ ግቢው ውስጥ የቀረችውን ፀሐይ ለመሞቅ ወንበር አወጡ። ማቴውን፣ ያን የአገሩን መራራ የቅጠል ሻይ፣ እየተቀባበሉ ሲጠጡ ኤልቪራ፣ ስድስት ወሩ ሲያልቅ ዋጋው እንደሚመለስ፣ ያኔ ግን ማንም እሷን እንዳይሆንላት፣ ራሷ እንደምትደውል አስታወቀች። ሚርታ ዘዴውን ላስተምርሽ አለች። ኤልቪራ መዋሸት እንደማትችል ተናገረች። ሚርታም መዋሸት ሳይሆን ማዘን ብቻ እንደሚበቃ አስረዳቻትና አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ የስልክ ድርጅቱን ልጅ ሆነች።

«ደህና ዋሉ፣ ወይዘሮ። ምን ልርዳዎ?»

ኤልቪራ ጀርባዋን ቀጥ አደረገች። «ውሌን ማቋረጥ እፈልጋለሁ» አለች፣ ቴሌግራም እንደምታነብ።

«ይተነፈሳል እዚህ ጋ» አለች ሚርታ አፍንጫዋን ለቅቃ። ኤልቪራ ተነፈሰች፤ ደረጃ የወጣች መሰለች። ሚርታ ግድ የለም ብላ አፍንጫዋን መልሳ ያዘች።

«ምን አስቀየምንዎት?»

«ዋጋ ጨመራችሁ።»

«ሌላ ቦታ የተሻለ አግኝተዋል?»

ኤልቪራ የማቴውን ኩባያ በሁለት እጇ ያዘች። ሐረጉን አየች፣ የክፍሎቹን በሮች ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ኋላ አንድ በአንድ አየች።

«አላገኘሁም» አለች።

«ታዲያ የት ሊሄዱ ነው?»

«የትም አልሄድም።»

ሚርታ እጇን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደች። እንዲህ ብትያቸው አንድ ሳንቲም አይቀንሱልሽም አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ኤልቪራ፣ ኩባያውን እየመለሰችላት። «እስቲ እንደገና ጠይቂኝ።»

ሚርታ አፍንጫዋን ይዛ እንደገና ጠየቀቻት፤ ኤልቪራም ያንኑ መለሰች።